ባዶ ካሴት ስንገዛ የት ላይ እንቆጥብ?

የካሴት ዘመን አበቃ ከተባለ ብዙ ዓመት ቢሆነውም ካሴት ከነጭራሹ አልጠፋም። በብዙ ቤት ቡፌ ላይ ዛሬም የሚሠራ ቴፕ አለ። በአሜሪካና በአውሮፓ ወጣት ሙዚቀኞች አልበማቸውን እንደገና በካሴት ማውጣት ጀምረዋል፤ የካሴት ክር የሚያመርቱ ፋብሪካዎችም ሥራ ላይ ናቸው። በዚህ መሀል በገዛ ቤቱ ሙዚቃ መቅዳት የሚፈልግ ሰው፣ ክራሩን የሚለማመድም ሆነ ከሸክላ ወደ ካሴት የሚገለብጥ፣ አንድ ተራ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ኪስ ሳይጎዳ የሚሆን ባዶ ካሴት የትኛው ነው? ብዙ ሰው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ ወገን “ጥሩ ድምፅ ከፈለግህ ውዱን፣ ክሮም ወይም ሜታል የተባለውን ፈልግ” ይላል። ሌላው ደግሞ “ለካሴት ምን ገንዘብ ያስፈልጋል? ያረጀ ካሴት አንስተህ በላዩ ላይ ቅዳ” ይላል። እኔ ሁለቱም ምክሮች ስህተት ናቸው እላለሁ። ለቤት ቀረጻ የሚበቃው፣ በእውነትም ርካሽ የሚባለው፣ ያልተነካ ተራ ኖርማል ካሴት ነው፤ ርዝመቱ 60 ደቂቃ ቢሆን ይመረጣል፣ ካልሆነም 90። ከዚያ በላይ ወጪ ማውጣት አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ከዚያ በታች መውረድ ደግሞ ከገንዘብ የከበደ ነገር ያስከፍላል።

ምክንያቱን ለመረዳት ካሴቱ ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ማየት ይጠቅማል። ፊሊፕስ ካሴትን በ1963 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በርሊን ላይ ለሕዝብ ሲያሳይ ዓላማው በእጅ የሚያዝ፣ ቀላልና ርካሽ መቅጃ ማቅረብ እንጂ ስቱዲዮን መተካት አልነበረም። ክሩ ቀጭን ፕላስቲክ ሲሆን በአንድ በኩል ብረት ነክ የሆነ ቡናማ ዱቄት በማጣበቂያ ተለብጦበታል። ስፋቱ 3.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች ጠባብ ክር ላይ የሁለቱም ጎን የግራና የቀኝ ድምፅ፣ በጠቅላላው አራት መስመር፣ ጎን ለጎን ይሰፍራል፤ እያንዳንዱ መስመር የሚደርሰው ስፋት ወደ 0.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ክሩ ድምፁን በሚቀርጸውና በሚያነበው ክፍል፣ ሄድ በሚባለው፣ ፊት የሚያልፈውም በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ፍጥነት ነው፤ የስቱዲዮ ትልቁ ሪል ግን በሰከንድ 38 ሴንቲ ሜትር ይሮጣል። በዚህ ጥበትና በዚህ ዝግታ ላይ ትንሹ ጉድለት ሁሉ ይሰማል። ልባጩ አንድ ቦታ ከሳሳ ድምፁ ለአፍታ ይጠፋል። ክሩ ከሄዱ በፀጉር ስፋት እንኳ ከራቀ ቀጭኑ ድምፅ ቀድሞ ይደፈናል። ስለዚህ የካሴት ጥራት በመጀመሪያ የሚለካው ልባጩ እኩል በመሆኑ፣ ክሩ ሳይወላገድ በመሄዱና የካሴቱ ፕላስቲክ ቤት በደንብ በመገጠሙ ነው። እነዚህን ሦስቱን ደግሞ በወጉ የተሠራ ተራ ካሴት ያሟላል።

አሁን ወደ “ውዱን ፈልግ” ባዮች እንምጣ። ክሮም ክር በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ሜታል ደግሞ በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ወደ ገበያ ገብተዋል። ሁለቱም በትክክለኛ መቅጃ ላይ ከኖርማል የተሻለ ውጤት እንደሚሰጡ አይካድም። ሲጫወቱ የሚጠቀሙት የድምፅ ማስተካከያ 70 ማይክሮ ሰከንድ የሚባለው ነው፤ የኖርማሉ 120 ነው። በዚህ ልዩነት ብቻ ከጀርባ የሚሰማው ሽሽታ ወደ 4 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ጥያቄው ግን “ክሩ ምን ይችላል?” የሚለው ብቻ አይደለም፤ “የኔ ቴፕ ይህን ክር ማስተናገድ ይችላል ወይ?” የሚለው ነው። መቅጃው በሚቀዳበት ጊዜ ከሙዚቃው ጋር አብሮ ወደ ሄዱ የሚልከው ከፍተኛ ጅረት አለ፤ ባያስ ይባላል። ክሮም ከኖርማል የበለጠ ባያስ ይፈልጋል፤ ሜታል ከሁለቱም በእጅጉ የበለጠ። ይህን የሚያውቁ፣ ዴክ የሚባሉ የተሟሉ መቅጃዎች የካሴቱን ዓይነት የሚለዩት በጀርባው ጠርዝ ካሉት ጎድጓዳ ምልክቶች ነው፤ ወይም ሰውየው ራሱ የሚቀይረው ማብሪያ አላቸው። በአብዛኛው ቤታችን ያለው ሬድዮና ቴፕ የተጣመረበት መሣሪያ ግን የሚሠራው ለኖርማል ክር ነው። በእሱ ላይ ክሮም ሲቀዳ ድምፁ ይሳሳል፣ ይሻክራል፤ ዘፋኙ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል። ሜታል ሲሆን ደግሞ የቀድሞውን ቅጂ እንኳ አጥርቶ ማጥፋት ስለማይችል አሮጌው ዘፈን ከአዲሱ ሥር ሆኖ ይሰማል። በእጥፍ ዋጋ የተገዛ ካሴት ከተራው ያነሰ ድምፅ ይሰጣል ማለት ነው።

“ጥሩ ዴክ ያለውስ?” የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፤ ተገቢም ነው። ባያስ የሚያስተካክል ዴክ ያለው ሰው ክሮም ላይ ቢቀዳ ትርፍ ያገኛል። ሆኖም ዛሬ ክሮምና ሜታል ብሎ የሚገዛው በአብዛኛው ከዓመታት በፊት ተሠርቶ የተከማቸ ዕቃ ነው። ሜታል ካሴት ማምረት ቆሟል። ያለውን ሰብሳቢዎች ስለሚሻሙበት ዋጋው ከጥቅሙ ጋር አይመጣጠንም። ያ ሰው የሚፈልገው ሽሽታውን መቀነስ ከሆነ በዴኩ ላይ ያለው ዶልቢ ቢ የሚባል የሽሽታ መቀነሻ ቀጭኑ ድምፅ ላይ ወደ 10 ዴሲቤል ያህል ይቀንስለታል፤ ይህም ከኖርማል ወደ ክሮም በመዛወር ከሚገኘው በእጥፍ ይበልጣል፤ ለካሴቱም አንድ ሳንቲም አይጨምርም። ብቸኛው ግዴታ የሚጫወትበት መሣሪያም ዶልቢ ያለው መሆኑ ነው፤ ያለዚያ ድምፁ ከልክ በላይ ይሳላል።

ከሁሉም የሚበልጠው መድኃኒት ግን በቀጂው እጅ ላይ ነው፤ የድምፁን መጠን በትክክል መመደብ። ይህ በተለይ ለእኛ ሙዚቃ ይሠራል። ባንድ ሙሉ ኃይሉን ሲያወጣ ሽሽታው ይሸፈናል፤ ማን ልብ ይለዋል? በገና ግን ሌላ ነገር ነው። የበገና አውታር ከብርኩማው ጋር በሚነካካበት ቦታ እንዝራ የሚባሉ የቆዳ ቁራጮች አሉ፤ ያን የሚያንዛርር ድምፁን የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ወፍራሙ ድምፅ በቀላሉ ይቀዳል፤ እንዝርታው ግን ቀጭን ቀጭን ድምፆች የተሞላ ስለሆነ ክሩ ላይ ደክሞ ከተቀረጸ ከሽሽታው ጋር ይቀላቀላል። በድርድሩ መሀል ያለው ዝምታም ሽሽታውን ያጋልጠዋል። ለዚህ መፍትሔው ሜታል መግዛት አይደለም። ማይክሮፎኑን ወደ ብርኩማው ማቅረብ፣ ከፍ ያለውን ክፍል አስቀድሞ አስደርድሮ መለኪያው ዜሮ ላይ እንዲደርስ ማስተካከል፣ ከዚያ መቅዳት ነው። ሁለት ደቂቃ የሚወስድ ሙከራ የሁለት ካሴት ዓይነት ልዩነትን ያካክሳል።

አሁን ወደ ቁጠባ ወጥመዶች እንምጣ፤ የመጀመሪያው ርዝመት ነው። 120 ደቂቃ የሚይዝ ካሴት በደቂቃ ሲሰላ ርካሽ ይመስላል፤ በአንድ ካሴት ዋጋ ሁለት ባለ 60 ያገኘን ይመስለናል። ነገር ግን የካሴቱ ቤት መጠን አይለወጥም። ብዙ ክር በዚያው ቦታ እንዲገባ ክሩ ራሱ መቅጠን አለበት። የ60 ደቂቃው ክር ውፍረት ወደ 18 ማይክሮን ነው፤ የ90ው ወደ 12፣ የ120ው ወደ 9 ይወርዳል። ግማሽ ያህል ቀጥኗል ማለት ነው። እንዲህ የቀጠነ ክር ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ዘፈኑ ይንቀጠቀጣል። የላላ የጎማ ተሽከርካሪ ካጋጠመው ደግሞ ቴፑ ይበላዋል፤ ተስቦ የወጣ ክር በእስክሪብቶ ቢጠቀለልም የተጨማደደው ቦታ እንደተጨማደደ ይቀራል። ከዚህም ሌላ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ የአንዱ ዙር ድምፅ ወደ ሌላው ያልፍና ዘፈኑ ሳይጀምር ጥላው ቀድሞ ይሰማል። የመሣሪያ አምራቾች መመሪያ ላይ ለሙዚቃ 120ን እንዳንጠቀም ሲመክሩ የኖሩት ለዚህ ነው። በርካሽ የተገዛ ረጅም ካሴት ተበልቶ ሲቀር ሰውየው ከሁለት ያጣ ይሆናል፤ ገንዘቡም ሄደ፣ ቅጂውም ጠፋ። ባለ 60ው ለአንድ ጎን ግማሽ ሰዓት ይሰጣል፤ ለልምምድና ለቤት ቀረጻ ይበቃል። አንድ ሙሉ አልበም በአንድ ጎን ማስገባት የሚፈልግ 90ውን ይውሰድ፤ ከዚያ አይለፍ።

ርካሽ ስንል ግን የማይታወቅ ካሴት ሁሉ ይሁን ማለት አይደለም። ሙዚቃ ቤቶች ባዶ ካሴት በሚሸጡበት ዘመን የቲዲኬና የሶኒ ስም የተለጠፈባቸው አስመስለው የተሠሩ ካሴቶች በየገበያው ነበሩ፤ ዛሬ “ያልተከፈተ አሮጌ ዕቃ” ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥም ከእነዚያ የተረፈ አይጠፋም። ዓይን የሚያየው ብዙ ነገር አለ። የማሸጊያው ጽሑፍ የደበዘዘና ፊደሉ የተዛባ ከሆነ መተው ነው። ካሴቱን ከፊት ገልብጦ ማየት ይገባል፤ ክሩን ወደ ሄዱ የሚገፋው ትንሽ የሱፍ ቁራጭ ከናስ ስፕሪንጉ ላይ ተጣብቆ መቀመጥ አለበት፤ ሙጫው ደርቆ ከወደቀ የካሴቱ ድምፅ ይደክማል፣ ይደፈናል። በመስኮቱ በኩል የተጠቀለለው ክር ጠርዝ ለስላሳና እኩል መሆን አለበት፤ ነጭ ብናኝ ከታየ ሻጋታ ነው፤ ወደ ቴፑ ማስገባት ሌሎቹንም ካሴቶች ያስበክላል። ቤቱ በአምስት ብሎን የታሰረ ከሆነ ችግር ሲገጥም ተከፍቶ ይጠገናል፤ በሙጫ የተዘጋው ግን ካልተሰበረ አይከፈትም። ብዙ ለመግዛት ያሰበ ሰው አስቀድሞ አንድ ይግዛ። ከዳር እስከ ዳር ወደፊትና ወደኋላ ያጠንጥነው፤ ከዚያ ረጅምና የማይለዋወጥ ድምፅ ያለው ሙዚቃ በሁለቱም ጎን ይቅዳ፤ የዋሽንት ረጅም ዜማ ለዚህ ይመቻል። ድምፁ የሚቆራረጥ ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የቀረውን አይግዛ። ከካሴቱ ያተረፈውን ገንዘብ ደግሞ በአንድ ጠርሙስ ንጹሕ አልኮልና ጥቂት ጥጥ ላይ ያውለው። ቆሻሻ ሄድ የትኛውንም ውድ ክር ደንቆሮ ያደርገዋልና።

አዲስ ካሴት ከየት ይመጣል ለሚለው ደግሞ መልስ አለ። አሜሪካ ሚዙሪ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ ከተማ የሚገኘው ናሽናል ኦዲዮ ካምፓኒ በ2018 የራሱን ክር ማምረት ጀምሯል፤ በፈረንሳይ ሬኮርዲንግ ዘ ማስተርስ በሚል ስም የሚሠራው ፋብሪካም በዚያው ዓመት ባለ 60 ደቂቃ ካሴት አውጥቷል፤ የጃፓኑ ማክሴል ዩአር የተባለውን ተራ ካሴቱን ሲሸጥ ቆይቷል። ልብ ሊባል የሚገባው ሦስቱም ያቀረቡት ኖርማል ካሴት መሆኑ ነው። ገበያው ራሱ ወደ ተራው ካሴት ተመልሷል። ከዋሽንግተን ወይም ከፓሪስ ለሚመጣ ዘመድ አሥር ካሴት አምጣልኝ ማለት ሸክም አይሆንበትም፤ ከነሽፋናቸው አንድ ኪሎ አይሞሉም።

አሁን ከሁሉም የከፋው ቁጠባ ላይ ደርሰናል፤ አሮጌ ካሴት አንስቶ በላዩ ላይ መቅዳት። አሠራሩን የማያውቅ የለም። በካሴቱ ጀርባ ጥግና ጥግ ያሉት ሁለት ትናንሽ ፕላስቲኮች የተሰበሩ ከሆነ የመቅጃው ቁልፍ አይረገጥም፤ ከሙዚቃ ቤት ታትሞ በወጣ ካሴት ላይ የተሰበሩት ዘፈኑ እንዳይጠፋ ሆን ተብሎ ነው። ቀዳዳውን በፕላስተር ወይም በተጣጠፈ ወረቀት መድፈን ያንን ጥበቃ ያነሳል። ከዚያ ወዲያ ቀይዋን ቁልፍ መጫን ብቻ ነው የሚቀረው። ይህ እንደ ብልሃት የሚቆጠር ነገር ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ ማሰብ ይገባል። በኢትዮጵያ የሸክላ ኅትመት በ1970ዎቹ መጨረሻ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከቆመ በኋላ ሲዲ እስኪስፋፋ ድረስ ሙዚቃችን የወጣው በካሴት ነው። ሃያ ዓመት ለሚሆን ጊዜ ዘፈኑም፣ መዝሙሩም፣ መንዙማውም፣ የአዝማሪ ግጥሙም የተቀመጠው በዚህ ቡናማ ክር ላይ ነው። የብዙዎቹ ሥራዎች ዋና ቅጂ ተጠብቆ ስለመኖሩ ዋስትና በሌለበት ሁኔታ በየቤቱ መሳቢያ ያለው ካሴት ራሱ መዝገብ ቤት ሆኗል።

ለዚህ የኃይሉ መርጊያ ታሪክ በቂ ማስረጃ ነው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮንና ኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎችን አጣምሮ የሠራው “ሸሞንሟናዬ” የተባለ አልበም በካሴት ወጥቶ ነበር። ከዓመታት በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ገበያ ላይ አንዱን ቅጂ አገኘ። አልበሙ በ2013 እንደገና ለዓለም ተለቀቀ፤ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ይኖር የነበረው ሙዚቀኛም ወደ መድረክ ተመለሰ። ያቺ ካሴት ከመሸጧ በፊት አንድ ሰው “ባዶ ነው” ብሎ ቀዳዳዋን ደፍኖ የሬድዮ ፕሮግራም ቢቀዳባት ኖሮ ያ ቅጂ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያበቃለት ነበር። ሸሞንሟናዬ ብዙ ቅጂ ያለው የታተመ ሥራ ነው። ከሀገር ወጥተው የቀሩ ልጆች ለእናታቸው በድምፃቸው የላኩት “ደብዳቤ”፣ የሠርግ ጭፈራ፣ የአያት ፉከራና ተረት ግን ቅጂው አንድ ብቻ ነው። እሱ ላይ የሚቀዳ ሰው የሚያጠፋውን ነገር በገንዘብ መልሶ ሊገዛው አይችልም።

“የኔ ካሴት ሁሉም ቤት ያለ ዘፈን ነው” የሚል ሰው ይኖራል። ይህ ክርክር ከቴክኒክም አንጻር አይቆምም። የተጫወተ ክር ልባጩ ተፍቋል፣ የሱፍ ቁራጩ ጠንክሯል፤ ታትሞ ለሽያጭ የወጣ ካሴት ደግሞ የክሩ ርዝመት የሚቆረጠው በአልበሙ ልክ ስለሆነ ዘፈናችን ሳያልቅ ክሩ ያልቅብናል። ሁሉም ቤት አለ የተባለው ካሴትም ሁሉም ሰው እንዲሁ እያሰበ ካጠፋው የማንም ቤት አይኖርም። ግድ ከሆነ ቢያንስ ሁለቱንም ጎን ከዳር እስከ ዳር መስማት፣ የተገኘውን በኮምፒውተር ወይም በስልክ መቅዳት፣ ከዚያ መወሰን ይገባል። አንዳንድ ጊዜ ከታተመው ዘፈን በኋላ በቀረው ጥቂት ባዶ ክር ላይ ቤተሰቡ የቀዳው ድምፅ ይገኛልና።

“ታዲያ በስልክ መቅዳት እያለ ካሴት ለምን?” የሚለው ተቃውሞ ደግሞ ከባድ ነው፤ ሸፍኖ ማለፍም አያስፈልግም። ለድምፅ ጥራትና ለማባዛት ስልክና ኮምፒውተር ይበልጣሉ። ለትውልድ የሚቀመጥ ነገር ካለ በዲጂታል መቀዳት አለበት፤ በካሴት ብቻ ማስቀመጥ ትክክል አይደለም። ነገር ግን አንዱ ሌላውን አይከለክልም። የስልክ አጠቃቀም የሚያስቸግራቸው አዛውንት ቴፑን ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ይከፍታሉ፤ የሚወዱትን መዝሙር በአንድ ካሴት ላይ ቀድቶ መስጠት ለእነሱ ትልቅ ነገር ነው። ለተማሪ ሙዚቀኛም ካሴት የሚጠቅመው ገደብ ስላለው ነው፤ ግማሽ ሰዓት ብቻ ያለው ሰው ተዘጋጅቶ ይቀዳል። ካሴትን የሚመርጥ ሰው ምርጫው ይከበርለት፤ ምርጫው ግን ያለ ወጪ ብክነትና ያለ ጥፋት ይሁን።

ስለዚህ ባዶ ካሴት ለምትፈልጉ ሁሉ ምክሬ ይህ ነው። ቴፓችሁ የሚቀበለውን ዓይነት አስቀድማችሁ እወቁ፤ የካሴት ዓይነት መምረጫ ምልክት ከሌለው የሚቀበለው ኖርማል ነው። ባለ 60ውን ግዙ፣ ሄዱን አጽዱ፣ የድምፁን መጠን ለክታችሁ ቅዱ፤ ቀድታችሁ ስትጨርሱ የምትጠብቁት ነገር ከሆነ ሁለቱን ፕላስቲኮች ስበሩ፣ ሽፋኑ ላይም ማን፣ መቼና የት እንደተቀዳ ጻፉ። ካሴቱን ከፀሐይና ከመኪና ዳሽቦርድ አርቁ። ነጋዴዎችም ካሴት የምታስመጡ ከሆነ ለጌጥ የሚገዛ ሜታል ሳይሆን ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን ተራውን አስመጡ። በመሳቢያችሁ ያለውን አሮጌ ካሴት ግን አታጥፉት። አንድ አዲስ ካሴት መግዛት ሁላችንም የምንችለው ወጪ ነው፤ የጠፋ ድምፅ ግን በምንም ዋጋ አይመለስም።